በዓሣው ጎን ላይ ያሉ አራት መስመሮች

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ የማነሣው ነገር ብዙ ጊዜ ብቻዬን ያብሰለሰልሁት ስለሆነ ብቻዬን ላወራው ወደድሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማለዳ፣ ሸምበቆ በበዛበት ውሃ ዳር ተቀምጬ ክንድ የሚያህል ዓሣ አወጣሁ። መጀመሪያ ያየሁት ጎኑ ንጹሕ ነበር። መንጠቆውን ለመንቀል ገልበጥ ሳደርገው ግን በሌላው ጎኑ ላይ፣ ከጀርባው ወደ ሆዱ የወረዱ አራት ነጫጭ፣ ጥጥ የመሰሉ መስመሮች አየሁ። ለጊዜው ወፍ የቧጨረው መስሎኝ ነበር፤ ጣቶቼን ጠጋ ሳደርጋቸው ግን የመስመሮቹ ርቀትና ውፍረት ከሰው ጣት ጋር ልክ ገጠመ። ከእኔ በፊት አንድ ሰው ያንን ዓሣ በደረቅ እጁ ጨብጦ ይዞት፣ ከዚያም መልሶ ለቆት ኖሯል። ያ ሰው እኔው ራሴ ልሆን እችላለሁ፤ ምክንያቱም በዚያው ውሃ ዳር ዓሣ ባወጣሁ ቁጥር፣ እንዳያመልጠኝ ብዬ እጄን በፎጣ አድርቄ የምይዝ ሰው ነበርሁ።

የዓሣ ገላ ላይ ያለው የሚያዳልጥ ልጋግ ለያዡ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ዓሣውን ከባክቴሪያ፣ ከፈንገስና ከጥገኛ ተውሳክ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ደረቅ እጅ፣ ፎጣ፣ አሸዋና በፀሐይ የጋለ የጀልባ ወለል ይህን ሽፋን ይገፍፉታል፤ በተገፈፈው ቦታ ላይ ደግሞ ዘወትር ውሃ ውስጥ የሚኖረው ሳፕሮሌግኒያ የሚባል ሻጋታ መሰል ነገር ይበቅልበታል። እኔ ያየሁት ነጭ ጥጥ ይህንኑ ይመስል ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ማባበያ ያለኝ አስተሳሰብ ተለወጠ። ቀድሞ ማባበያን የምመርጠው ዓሣው ይነክስልኛል ወይስ አይነክስልኝም ብዬ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን የት ላይ ነው የሚነክሰው፣ መንጠቆውስ የት ላይ ይቀራል የሚለውንም አብሬ እጠይቃለሁ። በተፈጥሮ ማባበያ፣ ማለትም በትል፣ በፌንጣ ወይም በሊጥ የተያዘ ዓሣ፣ ጣዕሙ እውነተኛ ስለሆነበት ሳይተፋ ይውጠዋል፤ ስለዚህም መንጠቆው ጉሮሮው ወይም ሆዱ ድረስ የመግባት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ከእንጨት፣ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራውን አስመሳይ ማባበያ ግን አጥማጁ ያለማቋረጥ እየሳበው ስለሚያጠምድበት፣ መንጠቆው ብዙውን ጊዜ ከንፈር ላይ ይቀራል።

ይህን ስል ትልን እያጣጣልሁ አይደለም፤ እንዲያውም ለጀማሪ ከምድር ትል የተሻለ ማባበያ አላውቅም። ብዙ ሰው ግን ትሉን መንጠቆው ላይ ደጋግሞ ወግቶ እንደ ኳስ ያድቦለቡለዋል፤ እንዲህ የተደረገ ትል ወዲያው ይሞታል፣ አይንቀሳቀስም። እኔ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ እወጋውና ጅራቱ ነጻ ሆኖ እንዲወራጭ እተወዋለሁ። ትሎቹንም በእርጥብ አፈር ውስጥ ጥላ ሥር አስቀምጣቸዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ የተረሳ ቆርቆሮ ምን እንደሚሸት አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው አይደግመውም። በደፈረሰ ውሃ አምባዛ ለመያዝ ከሆነም ሽታና ጣዕም ያለው ማባበያ ይበልጣል፤ የአምባዛ ጣዕም መለያ ሕዋሳት አፉ ውስጥ ብቻ ሳይሆኑ በጢሞቹና በመላ ገላው ቆዳ ላይ ጭምር ስለሚገኙ፣ ምግቡን ሳያይ ይደርስበታል።

በትል ማጥመድ ላይ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ግን ከትሉ አልመጣም። ዘንጌን ባላ እንጨት ላይ አስደግፌ ጥላ ሥር ጋደም የማለት ልማድ ነበረኝ፤ ስመለስ ክሩ ተወጥሮ፣ መንጠቆው ደግሞ የዓሣው ሆድ ውስጥ ገብቶ አገኘው ነበር። አሁን ክሩን በጣቴ ላይ አሳርፌ እጠብቃለሁ። ከዚህም ሌላ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ክብ መንጠቆ መጠቀም ጀመርሁ፤ ይህ መንጠቆ ዓሣው ውጦት ዞር ሲል ተንሸራቶ ይወጣና የአፉ ጥግ ላይ ይያዛል። የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ዘንጉን በኃይል አለመንጠቅና ክሩን በዝግታ ማጠንጠን ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ይህ ከባድ ሆነብኝ፤ ክንዴ መንጠቅ ለምዶ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ዓሦች በሙሉ አጣኋቸው። መንጠቆ ስትገዙም ቁጥሩ እንዳያሳስታችሁ፤ 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ያነሰ ነው፣ ከ1 ቁጥር በላይ ያሉት ትልልቆቹ ደግሞ ከዜሮ ጋር 1/0፣ 2/0 እየተባሉ ያድጋሉ።

ወደ አስመሳይ ማባበያ ስመጣ፣ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ፊንላንዳዊው አጥማጅ ላውሪ ራፓላ ነው። ራፓላ ትልልቅ ዓሦች ከብዙ ትንንሽ ዓሦች መንጋ ውስጥ እየተንገዳገደች የምትዋኘውን አንዷን ለይተው እንደሚያጠቁ አስተዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ከቡሽ ቀርጾ የሠራው ማባበያም ያንኑ መንገዳገድ የሚመስል ነበር። የቸኮሌት መጠቅለያ ለብልጭታው፣ የቀለጠ የፎቶግራፍ ፊልም ደግሞ ውሃ እንዳያስገባ ለሽፋኑ እንደ ተጠቀመ ይነገራል። የእኔ ማባበያ ሣጥን በቀለማት የተሞላ ነው፣ ግማሾቹም ውሃ ነክተው አያውቁም፤ የራፓላ ትኩረት ግን እንቅስቃሴው ላይ ነበር።

ዓሣ በጎኖቹ ላይ የውሃን ንዝረት የሚያነብ መስመር አለው። ስለዚህ ውሃው ሲደፈርስ፣ ምላሷ እየተሽከረከረ ንዝረት የምትፈጥረውን ስፒነር ወይም ወፈር ያለ የሚንቀጠቀጥ ማባበያ እመርጣለሁ፤ ውሃው ጥርት ሲል ደግሞ ቀጠን ያለ፣ ቀለሙ የማይጮኽ፣ በአካባቢው ያሉትን ትንንሽ ዓሦች የሚመስል እጠቀማለሁ። ስለ ቀለም ሌላ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ቀይ ብርሃን በጥቂት ሜትር ጥልቀት ውስጥ ቀድሞ ስለሚጠፋ፣ ታች የወረደ ቀይ ማባበያ ለዓሣው ጥቁር ነው የሚመስለው። ከቀለም ይልቅ ፍጥነት ይበልጥብኛል። የዓሣ ገላ ሙቀት የውሃውን ስለሚከተል፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ማባበያውን በዝግታ፣ ቆም እያደረጉ መሳብ ያስፈልጋል፤ እኔ ከያዝኋቸው ብዙዎቹ የነከሱትም ማጠንጠኔን ባቆምሁባት ቅጽበት ነው።

አስመሳይ ማባበያ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ ሁለት ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ተንጠልጥሎባቸው ይሸጣሉ፤ አንዱ አፉን ሲይዝ ሌላው ዓይኑን ወይም ስንጥቡን ይወጋል፣ ሲወራጭም የአጥማጁን እጅ ያገኛል። እኔ በነጠላ መንጠቆ እተካቸዋለሁ፣ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሿን እሾህም በፒንሳ አስተኛታለሁ። ክሩ እስካልላላ ድረስ እሾህ ባለመኖሩ የማጣው ዓሣ ጥቂት ነው፤ የምነቅለው ግን በአንዲት የእጅ እንቅስቃሴ ነው።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ ያለው ጊዜ ላይ ብዙ ሰው የሚያጠፋው ባለማወቅ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርሁ። በቀጭን ክር ረጅም ትግል መግጠም የሚያስመካ ጥበብ ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሲታገል የቆየ ዓሣ ጡንቻው በአሲድ ተሞልቶ፣ ትንፋሹ አጥሮ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለዓሣው መጠን የሚበቃ ጠንካራ ክር እጠቀማለሁ፣ የማጠንጠኛውንም ፍሬን ክሩ ሊሸከመው ከሚችለው ኃይል ሩብ እስከ ሲሶ ድረስ ሲጎተት እንዲለቅ አድርጌ አስተካክለዋለሁ። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ እቸኩላለሁ፤ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ ውሃ በሊትር 14.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ 30 ዲግሪ ላይ ያለው የሚይዘው 7.5 ያህሉን ብቻ ነው። በጣም በሞቀ ቀን ለቅቄ ልመልሰው የማስበውን ዓሣ ጨርሶ አላጠምድም።

አንድ ቁጥር ከአእምሮዬ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት፣ እስኪደክሙ ድረስ እንዲዋኙ የተደረጉ ቀስተ ደመና ትራውት ዓሦችን ተከታትሎ ነበር። ከውሃ ሳይወጡ ከቀሩት 88 በመቶዎቹ በሕይወት ቆዩ፤ ለ30 ሰከንድ አየር ላይ ከዋሉት 62 በመቶ፣ ለ60 ሰከንድ ከዋሉት ግን 28 በመቶ ብቻ ተረፉ። የስንጥቡ ቀጫጭን ክሮች ተዘርግተው የሚቆሙት በውሃ ተደግፈው ነው፤ አየር ላይ ሲወጡ ይተኛሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይጣበቃሉ። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ፒንሳዬ አንገቴ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ሻንጣዬ ውስጥ አይቀመጥም፤ ፎቶ የሚነሣ ካለም ስልኩ ተዘጋጅቶ ሳለ ዓሣው ውሃ ውስጥ ይጠብቃል፣ እኔም ትንፋሼን ይዤ አነሣዋለሁ፣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ እመልሰዋለሁ።

ስይዘው እጄን ቀድሜ አረጥባለሁ፤ አንዱን እጄን ከጅራቱ ሥር፣ ሌላውን ከደረቱ በታች አድርጌ አግድም እደግፈዋለሁ። ከባድ ዓሣን መንጋጋውን ብቻ ይዞ ቁልቁል ማንጠልጠል መንጋጋውን ይጎዳል፤ ጣት ስንጥቡ ውስጥ ማስገባትም ለመብላት ለወሰናችሁት ካልሆነ በስተቀር አይደረግም። ለመብላት የወሰናችሁት ከሆነ ደግሞ ቅርጫት ውስጥ ሲፈራገጥ እንዲውል አትተዉት፤ ወዲያው ግደሉት፣ ደሙን አፍስሱት፣ በበረዶ ያዙት።

መንጠቆው ጉሮሮው ውስጥ ጠልቆ ከገባስ? ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ልካችሁልኛል። ፈልፍላችሁ አታውጡት፤ የተቻላችሁን ያህል ወደ መንጠቆው ጠጋ ብላችሁ ክሩን ቁረጡት። በብዙ ጥናቶች እንደታየው፣ መንጠቆው ውስጡ ከቀረበት ይልቅ በግድ የተነቀለበት ዓሣ የመሞቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ አንዳንዶቹም መንጠቆውን ከጊዜ በኋላ ራሳቸው ይጥሉታል። እኔ ግን ለአንዲት መንጠቆ ስሳሳ ስንቱን አድምቼ ለቅቄያለሁ።

ስለቀውም አልወረውረውም። ወራጅ ውሃ ከሆነ አፉን ወደ ወራጁ አዙሬ፣ ሐይቅ ከሆነ ቀጥ አድርጌ ደግፌ እጠብቀዋለሁ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሱ ማንቀጥቀጥ ግን ውሃውን በስንጥቡ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚገፋው አይጠቅመውም። ሲበረታ ራሱ ጅራቱን መትቶ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ፊቴን ያርሰዋል። ያ የድሮው ፎጣዬ አሁንም ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ የማወጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው።