ጣፋጭ መስሎኝ የገዛሁት ወይን

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ከማይክራፎኑ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን አለ፤ ስለ እርሱ ነው የማወራችሁ።

በልጅነቴ ቤታችን ወይን የሚገባው ለዓመት በዓል ነበር፤ እርሱም አክሱማይት። ጉደር የሚጠጡት አጎቴ ብቻ ነበሩ፤ በጎነጩ ቁጥር ፊታቸውን ሲያኮማትሩ እያየሁ «ማን አስገደዳቸው?» እል ነበር። ጥሩ ወይን ማለት ጣፋጭ ወይን ነው ብዬ አምኜ ነው ጣሊያን የገባሁት።

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። በፒየሞንቴ ክልል፣ ላንጌ በሚባሉት ኮረብቶች ላይ በምትገኝ መንደር፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወይን ሲተክሉና ሲገርዙ የኖሩ አንድ አዛውንት ቤት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ለእራት ወይን እንድገዛ ላኩኝ። ሱቁ ውስጥ «ዶልቼቶ» የሚል ጠርሙስ አየሁ። «ዶልቼ» ጣፋጭ ማለት መሆኑን ስለማውቅ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ስቀምሰው ስኳር በአጠገቡ አላለፈም። አዛውንቱ ፊቴን አይተው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ለካ ዶልቼቶ የወይኑ ዘር ስም ነው፤ የሚጠመቀውም ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ሆኖ ነው።

የዚያ አገር ሰው የአካባቢውን ስመ ጥር ቀይ ወይን፣ ባሮሎን፣ በየቀኑ የሚጠጣ ይመስለኝ ነበር። የዘወትሩ ማዕድ ግን የዶልቼቶና የሌላው ቀይ ወይን፣ የባርቤራ፣ ነው። ባሮሎ የሚከፈተው ለድግስ፣ ለሠርግ፣ ልጆች ከከተማ ሲመጡ ነው።

እኔም የቀመስኩት አንድ እሑድ ልጆቻቸው ሲመጡ ነው። ጠዋት ከፍተው አፈ ሰፊ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ገለበጡት። ቀለሙ ስስ ነው፤ ጠርዙ ላይ ወደ ጡብ ያደላል። ውሃ የገባበት መሰለኝ። ሽታው ግን ግራ ያጋባል፤ አስፋልት በሚነጠፍበት መንገድ ዳር የደረቀ ጽጌረዳ ታቅፎ እንደ መቆም ነው። ስጎነጨው ጥርሴ ጠረሰ፤ ድዴ ተኮማተረ። እሳት ላይ የተረሳ ሻይ የጠጣ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። «ሥጋውን ብይና ድገሚው» አሉኝ። በዚያው ወይን ሲንተከተክ ያደረውን የበሬ ሥጋ ጎርሼ ደገምኩት። መጎምዘዙ ለቀቀኝ። በኋላ እንደገባኝ፣ ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣው ታኒን ምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ነው አፋችንን የሚያደርቀው፤ ሥጋና ስብ ሲያገኝ ይለዝባል። አጎቴ ጉደሩን ያለ ጥብስ ጠጥተውት አያውቁም ነበር፤ ለካ ያውቁበት ኖሯል።

የባሮሎ ዘር ኔቢዮሎ ይባላል። ስሙን ብዙዎች «ኔቢያ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ጭጋግ ማለት ነው። ዘግይቶ ስለሚበስል ለቀማው ኮረብቶቹ ጭጋግ በሚለብሱበት በጥቅምት ነው። ከዚያ በኋላ ሕጉ ቢያንስ 38 ወር ያስጠብቃል፤ ከዚህም 18ቱን በእንጨት በርሜል ውስጥ። «ሪዜርቫ» ለመባል 62 ወር ነው። እናቴ ጠጅ ጥላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ክዳኑን እየከፈትኩ የምቀምስ ልጅ ነበርኩና ይህን ስሰማ አዘንኩላቸው።

ያን ሁሉ ጊዜ መጠበቅ የሰለቻቸውም ነበሩ። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ወጣት ጠማቂዎች ሺህ ሊትሮች የሚይዙትን አሮጌ በርሜሎች ትተው 225 ሊትር የሚይዙ አዳዲስ የፈረንሳይ በርሜሎች አስገቡ። ወይኑ ቶሎ ለዘበ፣ የቫኒላ ሽታም ያዘ፤ ገበያውም ወደደው። አባቶች ግን ከልጆቻቸው ጋር ተኳረፉ። ባርቶሎ ማስካሬሎ የተባሉት ታዋቂ ጠማቂ በጠርሙሳቸው ላይ ባሪክንም ፖለቲከኛውን ቤርሉስኮኒንም እንደማይፈልጉ ጽፈው ነበር፤ ባሪክ የትንሹ በርሜል ስም ነው። እኔ ወደ ሽማግሌዎቹ አደላለሁ፤ ቫኒላ ከፈለግሁ ኬክ እበላለሁ። ነገር ግን አሮጌ በርሜል ሁሉ ጥሩ ነው እንዳትሉኝ፤ ሻጋታ የሚሸቱትንም በአፍንጫዬ አውቃቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ ባሮሎን ከዶሮ ወጥ ጋር አትሞክሩ። እኔ ሞክሬ ተቃጥያለሁ፤ በርበሬው ታኒኑንም አልኮሉንም ያባብሰዋል። ለወጥ ባርቤራ ይሻላል፤ ታኒኑ ትንሽ፣ ኮምጣጣነቱ ብዙ ነው። ባሮሎውን ለክትፎ አቆዩት፤ ቅቤው ይገራዋል።

አዛውንቱ ባለፈው ክረምት ዐረፉ። ልጆቻቸው ከምድር ቤቱ አንድ ጠርሙስ አውጥተው ሰጡኝ። ምንም ወረቀት የለበትም፤ በእርሳቸው እጅ «2016» ተብሎ በጠመኔ ተጽፎበታል። አልጋዬ ሥር በጎኑ አስተኝቼዋለሁ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «2016? ገና ትናንት አይደል እንዴ!» አለችኝ። በእኛ አቆጣጠር 2009 መሆኑን ሳስረዳት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እስካሁን ካልጠጡት የሆነ ነገር ቢኖርበት ነው፤ ተጠንቀቂ» አለችኝ።