ዴስኩ ለምንድነው የማይነቃነቀው?

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ! ዛሬ ስለ መማሪያ ክፍል ነው፣ ስለ ትምህርቱ አይደለም፣ ስለ ክፍሉ። ስለ ዴስኩ።

እስቲ ሚኒባስ አስቡ። ሁሉም ወደፊት ዞሯል፣ የምታየው የፊተኛውን ማጅራት ነው፣ ረዳቱ "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ" እያለ ለሶስት ሰው ወንበር አራተኛ ይጨምራል፣ ጋቢና ያለው ከሹፌሩ ጋር ያወራል፣ መጨረሻ ወንበር ያለው ተኝቷል። ክፍላችን ይሄው አይደል? ጎበዞቹ ጋቢና፣ እኛ መጨረሻ ወንበር። ልዩነቱ "ወራጅ አለ" ማለት አይቻልም።

ባለፈው ቪዲዮ ኮመንት ላይ "ክፍል ከፋብሪካ የተቀዳ ነው፣ ሰራተኛ ለማምረት" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ቆይ ቆይ። ነገሩ ይበልጥ የብር ጉዳይ ነው። ጆሴፍ ላንካስተር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ በ1798 ለንደን ላይ የድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ልጁ በመቶዎች፣ አስተማሪው አንድ፣ እና ምን ያርግ፣ ረጃጅም ዴስክ በረድፍ ደረደረና ትልልቆቹን ልጆች ሞኒተር አድርጎ ትንንሾቹን አስተማረባቸው። አዎ ሞኒተር፣ ያ የረባሽ ስም እየጻፈ ያስገረፈን! እዛም ቢሆን ንባብ ሲሆን ልጆቹ ከዴስክ ተነስተው ግድግዳው ጋ ሞኒተሩን ከበው ይቆማሉ። ትልቁ ትንሹን ማስተማሩማ እኛም ጋ የነበረ ነው፣ የኔታ ጋ ትልቁ ተማሪ ትንሹን ፊደል ያስቆጥራል፣ ዛፍ ስር፣ ያለ ረድፍ፣ ያለ ዴስክ። ስለዚህ ፋብሪካውን ተዉት፣ የአስተማሪ ደሞዝ ቁጠሩ።

የክፍሉን አሰራር ነገር ቶሎ ልበላችሁ፦ መስኮት በግራ፣ በቀኝ እጅ ስትጽፍ ጥላህ ደብተርህ ላይ እንዳይወድቅ (ግራኞች አይዟችሁ)፣ ክፍሉ በጣም አይሰፋም ምክንያቱም ብርሃኑ ከመስኮቱ ርቆ አይደርስም፣ ሰሌዳ ፊት ለፊት። በቃ፣ የምታውቁት ነው።

አሁን ወደ ፕላዝማ፣ ክፍል ውስጥ ወደተሰቀለው የማስተማሪያ ቲቪ! በ1997 ዓ.ም አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ገባ፣ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሀገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት፣ ፖዝ የለ፣ "አልገባኝም" የለ፣ ጠይቆህ ሳትመልስ ራሱ ይመልሳል፣ አስተማሪው ዳር ቆሞ ያያል። ያ ሁሉ ወጪ! ዴስኩ ግን እዛው። በኋላ 1ለ5 የሚባለው የተማሪዎች የጥናት ቡድን መጣና "በቡድን ተቀመጡ" ተባለ፣ መቀመጫው ከጠረጴዛው ጋር በተበየደ ዴስክ ላይ! የፊተኞቹ ወደኋላ ዞረው፣ እግራቸው መግቢያ አጥቶ... በኔ እምነት ብየዳውን መፍታት ከፕላዝማው ይረክስ ነበር።

ለልጅ ቁመት የሚሆን፣ ልጁ ራሱ አንስቶ የሚያዞረውን ወንበር ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ጣሊያናዊት ሐኪምና አስተማሪ ሮም ላይ እ.ኤ.አ በ1907 በከፈተችው የልጆች ትምህርት ቤት እንዴት እንደሰራችበት በሚቀጥለው ቪዲዮ ነው፣ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኑ፣ የፕላዝማ ዘመን ልጆች ደግሞ ኮመንት ላይ እንገናኝ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ትሰሩ ነበር?