አንቴናውን ወደ ጭጋጉ ያዞረች ሠዓሊ

(ሎስ አንጀለስ፣ በኢትዮጵያውያን የጥበብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጥ። ዜና ሲቃረብ ከልጆቹ አንዱ ቆርቆሮው ላይ ይወጣና አንቴናውን ያዞራል። ከላይ «መጣ?» ይላል። እኛ ከታች «አልመጣም!» እንላለን። ትንሽ ያዞራል። «አሁንስ?» «መጣ፣ መጣ! ... ኧረ ሄደ!» እዚህ አዳራሽ ውስጥም ቆርቆሮ ላይ የወጣ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ አንቴናውን በተቃራኒው ስለምታዞር ሠዓሊ ነው። ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣላታል፤ እሷ ግን እስኪሄድ ድረስ ታዞረዋለች።

ጁሊ ምህረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ኢትዮጵያዊ የጂኦግራፊ ምሁር፣ እናቷ አሜሪካዊት መምህርት ናቸው። አገሩ ሲታመስ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ቤተሰቡ ወደ ሚሺጋን መጣ። ሽልማቶቿን አልዘረዝርም። «የእኛ ልጅ» ብለን ለመኩራት ስንጣደፍ ሥዕሉን ማየት እንረሳለን፤ ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው።

ዛሬ የማወራላችሁ ሥዕሏ እዚሁ ከተማችን፣ በዘ ብሮድ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ርዕሱን እንደምንም ወደ አማርኛ ብመልሰው «በጥሪ የመጡ የአካል ክፍሎች (ዓይን)፣ ፈርጉሰን» ይሆናል። ጥሪ ያልኩት መንፈስ የሚጠራበትን ዓይነት ነው። ምህረቱ የሠራችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ በዚያው ተከታታይ ሥራ ውስጥ የሶርያዋን ከተማ የሐለብን ስም የያዙ ሥዕሎችም አሉ።

ፈርጉሰንን፣ ያችን የሚዙሪ ከተማ፣ ታስታውሳላችሁ። ነሐሴ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ማይክል ብራውን የተባለ መሣሪያ ያልያዘ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ያን ሰሞን ቴሌቪዥን የከፈተ ሁሉ ጭሱንና የፖሊሶቹን የራስ ቁር አይቷል። ከዚያ ሰሞን ፎቶግራፎች በአንዱ ላይ አንድ ባዶ እጁን የሆነ ሰው ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ በታጠቁ ፖሊሶች ፊት ቆሟል። ምህረቱ የጀመረችው ከዚህ ፎቶ ነው። በኮምፒውተር አደበዘዘችው፤ ሰውየውም፣ ፖሊሶቹም፣ መንገዱም ሟሙ። የተረፈውን ብርሃንና ጥላ ወደ ሸራ አዛወረችው። ከዚያ በላዩ ላይ በጥቁር ቀለም ጫረች፣ ፋቀች፣ እንደገና ጫረች። ቁመቱ 213፣ ወርዱ 244 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ፊቱ ስትቆሙ ሰውነታችሁን ሙሉ ይቀበላችኋል።

የዜና ፎቶ ሸራ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው አይደለም። አሜሪካውያኑ ሠዓሊዎች ራውሸንበርግና ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከጋዜጣ ወስደው አትመውታል፤ ጀርመናዊው ሪሽተርም በ1988 በ15 ሥዕሎች የፖሊስና የጋዜጣ ፎቶዎችን በቀለም አደብዝዟል። ሪሽተር ጋ ግን በፎቶው ላይ የነበረው ሰው አሁንም ይታያል። ምህረቱ ጋ አይታይም።

ለምን? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እኛ ራሳችን ምስል ሆነን የምናውቅ ሰዎች ነን። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን ረሃብ ለዓለም አሳየ፤ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ያ ምስል እህል አስጭኗል፣ ነፍስ አድኗል፤ ይህን የሚክድ ግፈኛ ነው። ነገር ግን እዚህ አገር ስንመጣ ያ ምስል ቀድሞን ደርሶ ጠበቀን። «ከየት ነህ?» «ከኢትዮጵያ።» የሰውየው ፊት ወዲያው ይለወጣል፤ አየኝ ማለት አይደለም፣ ቴሌቪዥኑን አስታወሰ ማለት ነው። በዚያ ምስል ላይ የታየችው እናት ስም፣ የልጇ ስም ግን ከተመልካቹ ጋር አልቀረም። ጥርት ያለ ምስል እንዲህም ያደርጋል፤ ዓይን በአንድ ሴኮንድ «አወቅኩት» ይልና ያልፋል።

ምህረቱ ያንን «አወቅኩት» ትነጥቃለች። እኔ የምረዳት እንዲህ ነው። እጁን ያነሳውን ሰው ለሺህኛ ጊዜ እጁን አስነስታ ልታቆመው አልፈለገችም።

አንድ ወዳጄ፣ እሱም ሠዓሊ ነው፣ በዚህ አይስማማም። «ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ካላነበብክ ፈርጉሰን መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ይለኛል። በምንም። ይህን እቀበላለሁ። ሌላም ይጨምራል፤ አንድ ሥራዋ በሐራጅ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡን አንስቶ የሰው መከራ እንዴት የሀብታም ሳሎን ጌጥ ይሆናል ይላል። ለዚህ መልስ የለኝም። ጥያቄው ሠዓሊዋን ይሁን ገዢውን እንደሚመለከት እንኳ አልለየልኝም።

ሥዕሉን በፕሮጀክተር ያላሳየኋችሁ ረስቼ አይደለም። ስክሪን ላይ ወጥቶ እንደገና ዜና እንዲሆን አልፈለግኩም። ሙዚየሙ ከፌርፋክስ፣ ከ«ትንሿ ኢትዮጵያ» ሰፈራችን፣ ሩቅ አይደለም፣ መግቢያው ነጻ ነው፤ ውድ የሆነው መኪና ማቆሚያው ነው። ሙዚየሙ ሥራዎቹን ስለሚያፈራርቅ መሰቀሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ተሰቅሎ በነበረበት ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ወሰድኳት። ስለ ፈርጉሰን ምንም አልነገርኳትም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ ረጅም ጊዜ ቆመች። ቀረብ አለች፣ ጠባቂው አየት ሲያደርጋት ራቅ አለች።

«መጣልሽ?» አልኳት፣ የድሮውን አስቤ።

«አልመጣም» አለችኝ። ዓይኗን አልነቀለችም። «ግን ሰው አለበት።»

አመሰግናለሁ።