በተን ብረት የሚመስለው በቀለሙ አይደለም

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ፎቶሾፕ ላይ ብረት የሚመስል የዌብሳይት በተን፣ ማለትም ገጹ ላይ የሚጫነውን ቁልፍ፣ እንሠራለን። ፎቶሾፕ የሌላችሁ በፎቶፒ ተከተሉኝ፤ በብራውዘር ነው የሚከፈተው፣ ሌየር ስታይሉም ተመሳሳይ ነው።

መጀመሪያ ግን ኮሜንት ላይ እየተደጋገመ ያለ ጥያቄ ልመልስ። "የብር ቀለም ኮዱን ላክልን"፣ "የወርቁን ኮድ ላክልን" ትላላችሁ። ኮዱማ አለ! የዌብሳይት መልክ የሚጻፍበት ሲኤስኤስ ውስጥ ሲልቨር የሚባል ቀለም አለ፤ ቀይ 192፣ አረንጓዴ 192፣ ሰማያዊ 192። ጎልድም አለ፤ 255፣ 215፣ 0። እስቲ ሬክታንግል ሥሩና በሲልቨሩ ሙሉት። ምን አያችሁ? ግራጫ። በጎልዱ ሙሉት። ቢጫ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ኮድ ስትቀያይሩ ብትውሉ ግራጫው ይነጣል ወይ ይጠቁራል እንጂ ብረት አይሆንም። ምክንያቱም ብረት ሲያብረቀርቅ የምታዩት በአብዛኛው ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር ነው። ፊት ለፊቱ ያለውን! ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ቪዲዮውን አቁሙና ወጥ ቤት ሂዱ። የምሬን ነው፣ አቁሙት። የኒኬል ማንቆርቆሪያ አምጡና መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከጎኑ ጀበና አድርጉ። መጀመሪያ ጀበናዋን እዩዋት። በመስኮቱ በኩል ብርሃን አለ፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ብርሃኑ የት እንዳለቀ፣ ጥላው የት እንደጀመረ አታውቁም። ሸክላ ናታ!

ማንቆርቆሪያውን እዩት ደግሞ። ክዳኑ ሥር ነጭ ነው፤ መስኮቱ ነው እሱ። ወረድ ሲል ትንሽ ይደበዝዛል። ከዚያ ሆዱ ላይ ድንገት ጥቁር ይመጣል። ድንገት! በወዲያ በኩል ያለው የጨለመ ግድግዳ ነው። ከሱ በታች ደግሞ መልሶ እየነጣ ይሄዳል፤ የጠረጴዛው ነው ያ ብርሃን። አሁን ማንቆርቆሪያውን ባለበት አዙሩት። መስመሩ አብሮ ዞረ? አልዞረም። እናንተ ቁጢጥ በሉ፤ ያን ጊዜ ቦታውን ይቀይራል። አያችሁ፣ የማንቆርቆሪያው ቀለም ቢሆን ኖሮ አብሮት ይዞር ነበር።

ጀበና ቀስ ብሎ፣ ማንቆርቆሪያ ድንገት። ብዙ ሰው ብረት ሠራሁ ብሎ የሚሠራው ጀበናዋን ነው፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ግራጫ፣ መሀሉ ለስላሳ። ውጤቱ ፕላስቲክ ነው የሚመስለው።

እሺ፣ ወደ ሥራው። መሠረቱን ስለምታውቁት እፈጥናለሁ። ራውንድድ ሬክታንግል፣ 400 በ120 ፒክስል፣ ሬዲየስ 12። ገጹ ላይ 200 በ60 አድርገን ነው የምናሳየው፣ ጥሩ ስክሪን ላይ እንዳይደበዝዝ። ሌየሩን ደብል ክሊክ፣ ግራዲየንት ኦቨርሌይ (ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ የሚያሸጋግረው)፣ ሊኒየር፣ አንግል 90። አራት ግራጫ እናስገባለን፣ ቁጥሩ ለቀይም ለአረንጓዴም ለሰማያዊም ያው ነው፤ ከግራ ጫፍ 215፣ 49 ፐርሰንት ላይ 130፣ 50 ፐርሰንት ላይ 200፣ ቀኝ ጫፍ 250። ግራው የበተኑ ታች ነው፣ ቀኙ ላይ። በ49 እና በ50 መካከል ያለችው ዝላይ ናት ሥራውን የምትሠራው። ቀጥሎ ጠርዙን ከፍ ያለ የሚያስመስለው ቤቭል ኤንድ ኤምቦስ፤ ኢነር ቤቭል፣ ቺዝል ሃርድ፣ ሳይዝ 3። ዩዝ ግሎባል ላይት ምልክት ይደረግበት፤ አንዱ በተን ከላይ፣ ሌላው ከጎን ብርሃን ሲመታው ገጹ ይረበሻል። ስትሮክ 2፣ ኢንሳይድ፣ ጠቆር ያለ ግራጫ። አለቀ!

ወርቅ የምትፈልጉ፣ አደራደሩ ያው ነው። ጨለማውን ቦታ ግን ግራጫ እንዳታደርጉት፤ ወደ ቡናማ ውሰዱት። ወርቅ የሚያንጸባርቀውን ነገር በራሱ ቀለም ነው የሚመልሰው።

"ይሄ ስታይል አላለፈበትም ወይ?" የምትሉ አላችሁ። አፕል በ2013 የአይፎኑን ሲስተም አይኦኤስ 7ን ጠፍጣፋ አድርጎ ካወጣ ወዲህ ሁሉም ጠፍጣፋ ሆነ፣ እውነት ነው። ግን ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የቱ እንደሚጫን ግራ የገባው ሰው ስንት አይቻለሁ! ገጹን በሙሉ ብረት አታልብሱት፤ ዋናውን አንድ በተን ግን ብረት አድርጉት። ሰው አይቶ እንዲጫነው ነው በተን የሚሠራው።

ጽሑፉ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። "ይመዝገቡ" ብላችሁ ጽፋችሁ ፊደሉ ላይ ቤቭል አታድርጉ፣ እለምናችኋለሁ። የፊደላችን ቀለበትና ቅጥያ ትንንሽ ስለሆነ ቤቭሉ ይደፍነዋል፤ "ዝ" እና "ገ" ሳይነበቡ ይቀራሉ። ጥቁር ጽሑፍ፣ ሥሩ ነጭ ድሮፕ ሻዶው፣ አንግል 90፣ ዲስታንስ 2፣ ሳይዝ 0። ብሌንድ ሞዱን ከመልቲፕላይ ወደ ኖርማል ቀይሩት፤ መልቲፕላይ ላይ ነጭ አይታይም። አሁን ፊደሉ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ይመስላል።

ሲጫን ደግሞ መለወጥ አለበት። ሌየሩን ኮፒ አድርጉና ግራዲየንቱ ላይ ሪቨርስ የምትለዋን ምልክት አድርጉ፤ ብርሃኑ ከታች ሲሆን በተኑ የገባ ይመስላል። ሁለቱንም በፒኤንጂ አውጡ። ጄፔግ ካደረጋችሁት ማዕዘኖቹ ላይ ነጭ ይቀራል። ኮድ የምትጽፉ ደግሞ ሊኒየር ግራዲየንት ውስጥ ሁለት ቀለሞችን እኩል 50 ፐርሰንት ላይ ብታስቀምጡ ያው ዝላይ ይመጣል፤ ምስልም አያስፈልጋችሁም።

የሠራችሁትን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ላኩልኝ፣ አያለሁ። በሚቀጥለው በኖይዝና በሞሽን ብለር የተቦረሸ ብረት እንሠራለን፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉና ጠብቁኝ።