ያረጀ ላንድክሩዘር፣ ቤተሰብና የመገልበጥ አደጋ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት በስልክ ከገቡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ ነበሩ። ቤተሰብ የሚጓዝበት ያረጀ ከፍ ያለ መኪና ምን ያህል ለመገልበጥ ቅርብ ነው? በአየር ሰዓቱ ያልተዳረሱትንም ጨምሬ እዚህ መልሻለሁ። ጉዳዩ ያሳስበኛል። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ እጃችን ላይ ያሉት ፕራዶዎች፣ ራቭ ፎሮችና ቪታራዎች ገና ለብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ልጆቻችንም የሚያድጉት በነሱ ውስጥ ነው።

አድማጭ ከገርጂ፦ "እ.ኤ.አ. የ1998 ፕራዶ አለኝ። ባለቤቴ ኩርባ ላይ ይገለብጠናል እያለች ትሰጋለች። ይህን የሚያህል ከባድ መኪና እንዴት ከትንሿ ያሪስ ቀድሞ ይገለበጣል?"

ወንድሜ፣ ባለቤትህ መስጋቷ ልክ ነው። ክብደት ብቻውን ከመገልበጥ አያድንም። ወሳኙ ክብደቱ ያረፈበት ከፍታና በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ነው። በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነትን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስፋቱን ለከፍታው እጥፍ ያካፍላል። ውጤቱ ለቤት አውቶሞቢል ብዙውን ጊዜ ከ1.30 እስከ 1.50 ይደርሳል። ለኤስዩቪ፣ ማለትም እንደ ፕራዶ ላለው ከፍ ያለ መኪና፣ ደግሞ ከ1.00 እስከ 1.30 ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናው በቀላሉ ይገለበጣል።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ያው መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ሌላ መኪና ሳይነካቸው ከሚገለበጡት መኪኖች 95 ከመቶ ያህሉ የሚገለበጡት ጎማቸው አንድ ነገር ሲይዘው ነው። ለስላሳ አፈር፣ ቦይ ወይም የድንጋይ ጠርዝ ሊሆን ይችላል። በደረቅ አስፋልት ላይ መሪ በማዞር ብቻ የሚገለበጠው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሹፌር ኩርባውን ይፈራል፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ኩርባው ላይ ፍጥነት መቀነስህ አይቀርም። ሐሳብህ ሁሉ መኪናው ከአስፋልት እንዳይወጣ፣ ከወጣም በእርጋታ እንዲመለስ ላይ ይሁን።

አድማጭ ከደሴ፦ "ከኮምቦልቻ ስመለስ ከፊቴ የመጣ የጭነት መኪና ገፍቶኝ የቀኝ ጎማዎቼ ከአስፋልቱ ወረዱ። መሪውን ወደ ግራ ስመታው መኪናው ክፉኛ ተወዛወዘ። በእግዜር ቸርነት ተረፍን። ምን ማድረግ ነበረብኝ?"

እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ። የገጠመህ ነገር በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ያለቀውም በዚሁ መንገድ ነው። የሆነው እንዲህ ነው። የአስፋልቱ ጠርዝ ከአፈሩ ከፍ ይላል። ጎማህ ጠርዙን እየታከከ ስለሚሄድ መውጣት ያቅተዋል። አንተ መሪውን ጨምረህ ታዞራለህ። በመጨረሻ ጎማው ዘሎ ይወጣል፣ ግን መሪው አስቀድሞ ወደ ግራ ተጣሟል። መኪናው በአንድ ጊዜ ወደ ተቃራኒው መስመር ይወረወራል። ደንግጠህ ወደ ቀኝ ትመታዋለህ። የሚገለብጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ምት ነው። የመኪናው አካል ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ሳለ በድንገት ወደ ሌላው ጎን ይወረወራልና። አሞርዛተሩ የደከመ መኪና ላይ ደግሞ ውዝዋዜው ይብሳል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ምንም የሚያስቸኩል ነገር የለም። ሁለት ጎማህ አፈር ላይ፣ ሁለቱ አስፋልት ላይ ሆነው መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይችላል። መሪውን በሁለት እጅህ ቀጥ አድርገህ ያዝ። እግርህን ከነዳጅ ላይ አንሳ። ፍሬኑን አትርገጠው፤ አፈሩና አስፋልቱ እኩል ስለማይዙ መኪናው ይሽከረከራል። ፍጥነቱ ራሱ ይውረድ። በእግር ከመሄድ ብዙም ወደማይበልጥ ፍጥነት ሲደርስ፣ ከኋላና ከፊት መኪና አለመኖሩን አይተህ ቀስ ብለህ ውጣ። ከፊትህ ድልድይ ወይም ምሰሶ ካለ ግን ጊዜ የለህም። ያኔ ፍሬኑን አጥብቀህ ቀጥታ ቁም።

ለከብትም ሕጉ ይኸው ነው። ላም ወይም አህያ ድንገት ከገባችብህ ቀጥ ብለህ ፍሬን ያዝ፣ ጥሩምባ ንፋ፣ መሪ ግን አትምታ። ከፍ ባለ መኪና፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ለአህያ ብሎ መሪ የመታ ሰው ቤተሰቡን ቦይ ውስጥ ነው የሚከተው። ይህን ስል የእንስሳው ባለቤት ጉዳት ሳይታየኝ ቀርቶ አይደለም። ሁሉንም የሚያተርፈው ሰፈር ባለበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ ፍጥነት መቀነስ ነው።

አድማጭ ከአዳማ፦ "ወደ ድሬዳዋ ልንሄድ ስንል ጎሚስታው 'ቆላ ስለሆነ አየር ይቀነስ፣ አለዚያ ጎማው ይፈነዳል' ብሎ ከአራቱም ቀነሰልን። ትክክል ነው?"

አይደለም። ይህን ምክር በየመንገዱ እሰማዋለሁ። ሰዎቹ በቅንነት ነው የሚመክሩት፣ ግን ምክሩ ሰው ይገድላል። ጎማን ከፀሐይዋ ይልቅ የሚያሞቀው መተጣጠፉ ነው። አየር ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ እየተጨፈለቀ ይመለሳል። በፍጥነትና በጭነት ሲሄድ ያ መተጣጠፍ ከውስጥ ያግለዋል። በመጨረሻ ላይኛው ጥርስ ያለበት ሽፋን ከሥሩ ካለው ሽቦ ይላቀቃል። አየር የቀነስከው እንዳይፈነዳ ብለህ ነበር፤ የሚያፈነዳው ግን እሱ ራሱ ነው።

ለዚህ በዓለም የታወቀ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ ሰበሰበ። ከነዚህ ጎማዎች ብዙዎቹ የተገጠሙት በዘመኑ የአሜሪካ ቤተሰብ መኪና በነበረው ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ነበር። የጎማው ሽፋን በሙቅ ክፍለ ግዛቶች፣ በረጅም መንገድ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ እየተላቀቀ መኪኖቹ ይገለበጡ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት 271 ሞት ከነዚህ ጎማዎች ጋር አያይዞ መዝግቧል። የመኪናው ፋብሪካ ጎማው በ26 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) እንዲነፋ ይመክር ነበር። የጎማው ፋብሪካ 30 መሆን ነበረበት አለ። ጥፋቱ የጎማው ነው ወይስ የመኪናው የሚለው ክርክር ብዙ ቆይቷል። ነገሮቹ ግን የታወቁ ናቸው፦ አየር ያነሰው ጎማ፣ ሙቀት፣ ፍጥነት፣ ጭነትና ከፍ ያለ መኪና። ከአዳማ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ሚሌ ስንወርድ እነዚሁኑ ነው ይዘን የምንወርደው። በኋላ አሜሪካ የጎማ አየር ሲቀንስ የሚያስጠነቅቅ መብራት በአዲስ መኪና ሁሉ እንዲኖር በሕግ ያስገደደችው ከዚህ ጥፋት ተነሥታ ነው።

ስለዚህ የሾፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። የፊትና የኋላ ጎማ ልክ፣ አንዳንዴም ለሙሉ ጭነት የሚሆነው ለብቻው ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ልክ ነው፤ በእሱ አይነፋም። ልኩ የሚወሰደው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ቆላ ስትደርስ ጌጁ ከፍ ብሎ ብታየው አትደንግጥ። ፋብሪካው ያንን አስቦበታል፤ የጋለ ጎማ አየር አይቀነስም።

የጎማውን ዕድሜም እይ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ በሚሉት ፊደላት የሚጀምር ጽሑፍ አለ፤ መጨረሻው ላይ አራት አኃዝ ታገኛለህ። 2317 ካለ በ2017፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አስበህ ሰባት ስምንት ዓመት እንዳትሳሳት። ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ስድስት ዓመት ሲሞላው ቀይሩ ይላሉ። ጥርሱ ያላለቀ ግን ያረጀ ጎማ ጎሚስታ ቤት ተደርድሮ ይሸጣል። ስኮርታህም ከመኪናው ጋር የመጣው ከሆነ ለረጅም መንገድ አትመነው።

እናት ከሐዋሳ፦ "የስምንት ወር ልጄን ከፊት ወንበር ታቅፌ ነው የምሄደው። ባለቤቴ ቀበቶውን ለሁለታችን ያስርልናል። ይበቃል?"

እህቴ፣ አይበቃም፤ እንዲያውም ይህን ዛሬውኑ ተዪው። ቀበቶው ሁለታችሁን ካቀፈ፣ በግጭት ጊዜ የአንቺ ክብደት ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል። ቀበቶው አንቺን ብቻ ከያዘ ደግሞ ልጁን የሚይዙት እጆችሽ ብቻ ናቸው። መኪና ሲገለበጥ ማንም እናት፣ የቱንም ያህል ብትጠነክር፣ ልጇን በእጇ ይዛ ልታቆይ አትችልም። በግልበጣ ብዙ ሰው የሚሞተው ከመኪናው ተወርውሮ ነው። የሕፃን ወንበር ግዙ፣ ያገለገለም ቢሆን፤ አደጋ ያላየና ቀበቶው ያልተበጠሰ ይሁን። ወንበሩን ከኋላ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙራችሁ፣ በመኪናው ቀበቶ አጥብቃችሁ እሰሩት። አሮጌ መኪና ላይ ልዩ መያዣ ባይኖርም በቀበቶው ይታሰራል። ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን ወንበር ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም።

አባት ከደብረ ማርቆስ፦ "ሃርድቶፕ አለችኝ። ለበዓል ከአዲስ አበባ ስንመጣ ልጆቹ ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ እህሉን ጣሪያው ላይ እንጭናለን። ዓመታት ሄደንበታል፣ ምንም አልሆንም።"

አባቴ፣ ፈጣሪ ይጠብቅዎት። ግን ሁለት ኩንታል ጣሪያ ላይ ሲጫን መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል። ቅድም ያልኩት ከፍታ ነው የሚጨምረው፣ ያውም ከሁሉም በላይ ባለው ቦታ። ብዙ የቤተሰብ ኤስዩቪዎች ጣሪያ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ እንዲጫን ፋብሪካው አይፈቅድም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወርዱ ደግሞ ኩርባው አንዱ ካንዱ ተያይዞ ነው፣ ፍሬኑም ይግላል። እህሉ ከባድ ስለሆነ በጭነት መኪና ይላክ። ጣሪያው ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይሁን። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ እንጂ በፍሬን ብቻ አይውረዱ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን አግዳሚው ነው። ብዙ ሃርድቶፕ ላይ እዚያ ቀበቶ የለም። ቢኖርም ወደ ጎን ለተቀመጠ ሕፃን በቂ አይደለም። ልጆቹ ወደ ፊት በሚመለከት፣ ባለ ቀበቶ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ለሁሉም ካልበቃ የቀሩት በአውቶቡስ ይምጡ። ይህን ማለት ለአባት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

አድማጭ ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ "ለ17 ዓመት ልጄ እ.ኤ.አ. የ2003 ኤስዩቪ በርካሽ አግኝቻለሁ። ትልቅ መኪና ይጠብቀዋል ብዬ ነው።"

እኔ ብሆን አልገዛውም። አዲስ ሹፌር ደንግጦ መሪ ይመታል፤ ከፍ ያለ መኪና ደግሞ ያንን አይምርም። አሜሪካ ውስጥ መኪናው ሲንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለብቻ ፍሬን እየያዘ የሚያስተካክለው ሥርዓት፣ ኢኤስሲ የሚሉት፣ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። በተለይ ኤስዩቪ ላይ ለሞት የሚያበቃ ግልበጣን ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በ2003 አንዳንዱ ላይ አለ፣ ብዙው ላይ የለም። ቁልፉን ስታዞር ዳሽቦርዱ ላይ የመኪና ምስልና ከሥሩ የተጠማዘዙ መስመሮች ያሉበት መብራት በርቶ ከጠፋ ሊኖረው ይችላል። በዚያው ገንዘብ ይህ ያለው ዝቅ ያለ አውቶሞቢል ፈልግለት። ምንም ብትገዛ የመኪናውን መለያ ቁጥር ቅድም ባነሣሁት የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስገብተህ፣ ፋብሪካው ለጥገና ጠርቶት ያልተሠራ ነገር እንዳለበት አረጋግጥ፤ ነፃ ነው፣ ጥገናውም አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው።

አድማጭ ከሰሚት፦ "ልገዛው ያሰብኩት ቪታራ ተገልብጦ ያውቃል ይሉኛል። እንዴት ልወቅ?"

ጣሪያውን በማግኔት ዳስሰው፤ ስቱኮ በወፈረበት ቦታ ማግኔቱ አይይዝም። የጣሪያውን ጨርቅ ጠርዝ ገለጥ አድርገህ በሮቹ መካከል ባሉት ምሰሶዎች ውስጥ አዲስ ብየዳ ፈልግ። በሮቹ እኩል ይዘጋሉ? አንድ ጊዜ የታጠፈ ምሰሶ ቢቃናም የድሮ ጥንካሬው አይመለስም። ለቤተሰብ አትግዛው፣ ቢረክስም።

አድማጭ ከባሕር ዳር፦ "ከተገለበጠ በኋላ መኪናው በጣሪያው ቆሞ በቀበቶ ከተንጠለጠልን ምን እናድርግ?"

መጀመሪያ ቁልፉን አጥፉ። ቀበቶውን ወዲያው አትፍቱ፤ በአንገታችሁ ትወድቃላችሁ። አንድ እጃችሁን ጣሪያው ላይ ደግፉ፣ እግራችሁን ግፉ፣ ከዚያ በሌላው እጅ ፍቱ። የተፈታ ትልቅ ሰው ልጆቹን ከሥር ደግፎ አንድ በአንድ ያውርድ። ነዳጅ የሚሸት ከሆነ በመስኮትም ቢሆን ፈጥናችሁ ውጡ። አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመውን ሰው፣ እሳት ካልተነሣ በቀር፣ መንገደኛ እየጎተተ እንዳያወጣው ከልክሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ስትደውሉ በቅርብ ያለፋችሁትን ከተማና የምትሄዱበትን አቅጣጫ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።