እግዚኦ ስንል ስለ ማን ነው?

እንደምን አላችሁ? ዛሬ ታኅሣሥ 28፣ 2017 ነው፤ የገና ዋዜማ። የምቀዳው አዲስ አበባ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው። ከታች ዶሮ ሲጮህ ከሰማችሁ የበዓል ነው። ትንሽ ቆይቼ ለቅዳሴ እወጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የቅዳሜን የመሬት መንቀጥቀጥ ነገር ላውራችሁ።

ቅዳሜ ሌሊት አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነቃሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ውኃውን ነው። እኛ ጋ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ኮሪደሩ ላይ አምስት ቢጫ ጀሪካን ሞልቼ አስቀምጣለሁ፤ ውኃው እዚያ ውስጥ ግራ ቀኝ እየተላተመ ይንቦጫቦጫል። ቀጥሎ የብፌው ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ስንቴ ነቅንቆናል፣ ያልፋል ብዬ ተኛሁ። አላልፍ አለ። ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ደረጃው ሮጥኩ።

ደረጃው በሰው ተሞልቷል። አንዷ "ማርያም፣ ማርያም" ትላለች። ሌላው "በኢየሱስ ስም" ይላል። አንደኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" እያሉ፣ የራሳቸው ያልሆኑ ሁለት ሕፃናት በሁለት እጃቸው ይዘው ይወርዳሉ። ብሎኩ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ተሰብስበን ቆምን፤ ብርዱ አይጣል ነው። ሱብሒ ሲደርስ ጋሼ እዚያው ምንጣፍ ዘርግተው ሰገዱ። ሁላችንም ድምፃችንን ቀነስን። ዝም በሉ ያለን ሰው አልነበረም።

ሲነጋ ዜናውን ሰማን። የተነሣው ከእኛ በስተ ምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነው፤ መጠኑም 5.7 ያህል። ቦታው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ምድር ቀስ በቀስ እየተላቀቀች የምትሄድበት። ባለሙያዎቹ ከሥር የቀለጠ ዐለት እየተንቀሳቀሰ ነው ይላሉ። መንግሥት 80 ሺህ ያህል ሰው ከአካባቢው እንደሚያወጣ ተናገረ። እኛ ጋ ብርጭቆ ነው የተንቀጫቀጨው፤ እዚያ ቤት ፈርሷል፣ መንገድ ተሰንጥቋል።

እሑድ መድኃኔዓለም ነበር፣ 27። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ገና መቃኞ ነው፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ፤ ሰዉ ግን ከግቢው አልፎ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። ሰባኪው ተነሣና ይህ የመጣው በኃጢአታችን ነው አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ንስሐ መግባት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ግን ፈንታሌ ሥር ከብቱን ይዞ ሜዳ ላይ ያደረ አርብቶ አደር፣ ልጇን ሸራ ሥር ያስተኛች እናት፣ የማን ኃጢአት ነው የወደቀባቸው? እንዲህ ያለ ስብከት ስሰማ የሰዎቹ መከራ ለእኛ ማስተማሪያ ብቻ የሆነ ይመስለኛል፣ እነሱ ራሳቸው ከወሬው ይወጣሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ቄስ ወጡ። ብዙም አልተናገሩም። "አዋሽና ፈንታሌ ያሉ ወገኖቻችን ዛሬም ውጭ ነው የሚያድሩት፤ ስለ እነሱ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ በሉ" አሉ። በቃ።

አርባ አንድ እግዚኦ ከልጅነቴ ጀምሮ ብያለሁ። ብዙ ጊዜ ጣቴን እየቆጠርኩ፣ ሐሳቤ ገበያ እየሄደ። እሑድ ግን ስለ ማን እንደምል አውቄ አልኩት፤ አሥራ ምናምን ላይ ስደርስ የጀሪካኑ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ጀሪካንም ቤትም የሌላቸው ሰዎች መጡብኝ፣ ድምፄ ተቆረጠ፣ ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ቀጠሉልኝ። እዚያ አካባቢ ያለው አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። ስለ እነሱ ነበር እንዲያ የምናለቅሰው። ደስ አለኝ።

አዲስ ነገር አይደለም እኮ። መስተብቍዕ በሚባለው የቤተ ክርስቲያን የልመና ጸሎት ላይ ስለ ሕሙማን፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዝ ውኃ ይለመናል። አባቶቻችን የዘመናቸውን ጭንቅ በየስሙ እየጠሩ ነበር የሚጸልዩት። እኛ ነን ዜናውን ስልካችን ላይ ትተን የምንገባው፣ ከዚያ ስንወጣ መልሰን የምንከፍተው።

ትናንት ማታ የብሎካችን እድር ብርድ ልብስና ሸራ ማሰባሰብ ጀምሯል። መዝጋቢው ጋሼ ናቸው። እኔ ሁለት ብርድ ልብስ አጥፌ በሩ ጋ አስቀምጫለሁ፣ ጧፌም እላዩ ላይ ነው። ስወርድ በራቸውን አንኳኩቼ አስረክባቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ልጄን እሳቸው ጋ ነው የማሳድረው፤ እንደ ቅዳሜው ከነቀነቀ ይዘውት ይወርዳሉ።

መልካም በዓል።