«መጣሁ» ለማለት ስፓኒሽ ላይ ለምን «እሄዳለሁ» ይባላል?

ሰላም ሰላም! ዛሬ አራት ቃላት ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ኢር፣ ቤኒር፣ ዬባር፣ ትራኤር። መሄድ፣ መምጣት፣ መውሰድ፣ ማምጣት። «ይሄማ ቀላል ነው» ብላችሁ ልትዘጉት ያሰባችሁ፣ ቆይ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።

ማድሪድ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታችኋል እንበል። አከራይዋ ደግ ሴትዮ ናቸው፣ ከወጥ ቤት ሆነው ምሳ ደርሷል ብለው ይጣራሉ። እኛ ምን እንላለን? «መጣሁ!» ገና አልጋ ላይ ጋደም እንዳልን፣ ስልካችንን እየነካካን፣ አንድ እግራችን እንኳ መሬት ሳይነካ፣ መጣሁ! ይሄንን ወደ ስፓኒሽ ስንገለብጠው «ቤንጎ!» ብለን እንጮሃለን። አይባልም። የሚባለው «ቦይ!» ነው። «ያ ቦይ!» ቃሉ በቁሙ «እሄዳለሁ» ነው። የውሃ ቦይ እንዳይመስላችሁ ደግሞ።

እሺ፣ ለምን? እዚህ ጋ የምወዳትን ምሳሌ ላምጣ።

ማታ ነው፣ መብራት ጠፍቷል። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ ያለው ሻማ አንድ ብቻ ነው። ስፓኒሽ ላይ ሻማውን የሚይዘው ሁልጊዜ ተናጋሪው ነው። የሚያወራው ሰው። ወደ ሻማው የሚቀርብ ሁሉ ቤኒር ነው፣ ከሻማው የሚርቅ ሁሉ ኢር ነው። አለቀ። አከራይዋ ሲናገሩ ሻማው ወጥ ቤት ነው፣ ስለዚህ «ቤን!» ይሏችኋል፣ «ና!» እንደማለት። እናንተ ስትመልሱ ግን ሻማው በእናንተ እጅ ገብቷል፣ አሁን ያለው መኝታ ክፍል ነው። ከዚያ ተነስታችሁ ወጥ ቤት ስትገቡ ከራሳችሁ ሻማ እየራቃችሁ ነው። ስለዚህ ቦይ። አማርኛ እዚህ ላይ ቸር ነው፣ ሻማውን ለሚሰማን ሰው አሳልፈን እንሰጣለን፣ ራሳችንን በእሱ ዓይን አይተን «መጣሁ» እንላለን። ስፓኒሽ ሻማውን አይሰጥም። ያዝ ያደርገዋል። እኔ በግሌ የኛን እመርጣለሁ፣ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

አሁን ዬባር እና ትራኤር በአንድ ትንፋሽ ያልቃሉ። ትራኤር ወደ ሻማው ነው፣ ዬባር ከሻማው ወዲያ። ጓደኛችሁ ቤቷ ጠርታችኋለች፣ በስልክ «ወይን ላምጣ?» ልትሏት ነው። እናንተ ገና እቤታችሁ ናችሁ፣ ስለዚህ «ዬቦ ቢኖ?» ትሏታላችሁ። እሷ ደግሞ «ሲ፣ ትራኤ ቢኖ» ትላለች። ወይኑ ያው አንድ ወይን ነው፣ ቃሉ ግን ሁለት። (ቦነስ አይረስ ከሆናችሁ ዬባር ሳይሆን ሼባር ሲሉ ትሰማላችሁ፣ አትደንግጡ፣ እነሱ እንደዚያ ናቸው።)

(ስክሪኑ ላይ ሰንጠረዥ ይታያል)

እርባታውን ታውቁታላችሁ። ኢር፦ ቦይ፣ ባስ፣ ባ፣ ባሞስ፣ ባይስ፣ ባን። ቤኒር፦ ቤንጎ፣ ቢዬኔስ፣ ቢዬኔ፣ ቤኒሞስ፣ ቤኒስ፣ ቢዬኔን። ፎቶ አንሱት፣ እንቀጥል።

አንድ ነገር ብቻ። «ቦይ» እና «ሜ ቦይ» አንድ አይደሉም። «ሜ ቦይ» ማለት ልሄድላችሁ ነው፣ ቻው ነው። ምሳ ደርሷል ተብላችሁ «ሜ ቦይ» ካላችሁ ሴትዮዋ ሳህናችሁን ያነሱታል።

አሁን ወደ ኮመንቱ። ባለፈው ቪዲዮ ስር አንዱ ወዳጃችን እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ወንድሜ ተሳስተሃል፣ ቤኒር መሄድም ማለት ነው፣ አብሮኝ የሚሠራው ስፔናዊ በር ከፍቶ ሲወጣ አኦራ ቤንጎ ብሎኝ ነው የሚሄደው።» ከሥሩ ደግሞ ሰው ሁሉ «ልክ ነው»፣ «እኔም ሰምቻለሁ» እያለ ተሰለፈ። ጆሯችሁ ልክ ነው፣ «አኦራ ቤንጎ» ይባላል፣ ቃሉ በቁሙ «አሁን እመጣለሁ» ነው። የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። ሰውየው በር ላይ ቆሞ የሚነግራችሁ ስለመሄዱ አይደለም፣ መሄዱንማ እያያችሁት ነው። እየነገራችሁ ያለው ስለመመለሱ ነው። አሁን ወደቆመበት ቦታ፣ ሻማው ወዳለበት፣ ተመልሶ ይመጣል። እኛስ ከቤት ስንወጣ «መጣሁ» እንል የለ? ያው ነው፣ ቁርጥ እሱ! «መጣሁ በቃ፣ ሱቅ ደርሼ» እንላለን። እዚህ ላይ አማርኛና ስፓኒሽ ገጥመዋል። ስለዚህ ይሄኛውን «መጣሁ» በቤንጎ፣ ሲጠሩን የምንመልሰውን «መጣሁ» በቦይ።

ሌላዋ ደግሞ ባርሴሎና የምትኖር ተመልካች ናት፣ «እዚህ ሰው በስልክ ወደ እኔ ሲመጣ ቤንጎ ይለኛል» ብላለች። እሷም አልዋሸችም። እዚያ ካታላን የሚባል ሌላ ቋንቋ አለ፣ ካታላን ደግሞ እንደኛ ወደሚሰማው ሰው መሄድን መምጣት ይለዋል። ካታላን አፉን የፈታ ሰው ስፓኒሽ ሲያወራ አንዳንዴ ያቺ ልማድ ታመልጠዋለች። ፈተና ላይ ግን እንዳትጽፏት!

አንዲት ቀዳዳ አለች፣ እሷን ላሳያችሁ። «ቢዬኔስ ኮንሚጎ አል ሲኔ?» ከእኔ ጋር ሲኒማ ትመጣለህ? እንዴ፣ ሁለታችንም ከዚህ ልንሄድ ነው፣ ለምን ቤኒር? ምክንያቱም ሻማውን ይዤ ነው የምሄደው፣ አንተ ከኋላዬ ትከተላለህ። መልስህ ግን «ሲ፣ ቦይ ኮንቲጎ» ነው፣ አዎ፣ ከአንተ ጋር እሄዳለሁ።

ሬስቶራንት ውስጥ ይሄ ሁሉ በደንብ ይታያል። አስተናጋጁን «ሜ ትራኤ ላ ኩዌንታ?» ትሉታላችሁ፣ ሂሳብ ያመጡልኛል? እሱ ጠረጴዛችሁ አጠገብ ከቆመ «አኦራ ሴ ላ ትራይጎ» ይላል፣ ወደቆመበት ይዞት ሊመለስ ነውና። ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ከሰማችሁ ግን «አኦራ ሴ ላ ዬቦ» ይላል። ሰውየውም ሂሳቡም ያው ነው፣ የተለወጠው የቆመበት ቦታ ነው።

ፔዲርና ፕሬጉንታርን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ ሁለቱም ለኛ «መጠየቅ» ስለሆኑ ያስቸግራሉ፣ ሳምንት እንገናኝባቸው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ነፃ ነው። እስከዚያ ይቺን ሥሩልኝ፤ ጓደኛችሁ ቤት ግብዣ ላይ ናችሁ፣ ወንድማችሁ ከመንገድ ይደውልና በረዶ ይዤ ልምጣ ወይ ይላል። እሱ በየትኛው ቃል ጠየቀ፣ እናንተስ በየትኛው መለሳችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉት፣ አነበዋለሁ።